የግራው ጎን፦ ዲፊዩዥን ኤምአርአይ የአንድ የማህፀን በር ካንሰር ወሰን የለየበት ጉዳይ

ከማህፀን ሐኪሙ የመጣው የምርመራ ጥያቄ አጭር ነበር፦ «ስኳመስ ሴል ካርሲኖማ መሆኑ በባዮፕሲ ተረጋግጧል። በግራ በኩል ወደ ፓራሜትሪየም ተሻግሯል?» ካንሰር መኖር አለመኖሩን ማንም አልጠየቀም፤ እሱን ማይክሮስኮፕ አስቀድሞ መልሶታል። የተጠየቀው ዕጢው ከማህፀን በሩ ወደ ጎን ወጥቶ እንደሆነ፣ ማለትም የት እንደሚያበቃና ጤናማው ኅብረ ሕዋስ ከየት እንደሚጀምር ነው። በኅብረ ሕዋስ ውስጥ ያለውን የውሃ እንቅስቃሴ ስለሚለካው ስለ ዲፊዩዥን ኤምአርአይ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ካንሰርን ከጤናማ አካል በቁጥር ስለመለየት ነው። እኛን ራዲዮሎጂስቶችን በየቀኑ ሥራችን ላይ የሚገጥመን ጥያቄ ግን እንደዚህኛው ያለ የወሰን ጥያቄ ነው። ይህን ጉዳይ በዝርዝር መጻፍ የፈለግሁትም ለዚህ ነው።

ታካሚዋ በአርባዎቹ አጋማሽ ላይ የሚገኙ ሴት ናቸው። ከግብረ ሥጋ ግንኙነት በኋላ ደም ማየት ከጀመሩ ወራት ተቆጥረዋል፤ ቆይቶም በሁለት የወር አበባዎች መካከል ደም መፍሰስ ተጨመረበት። ሐኪሙ በምርመራ መሣሪያ ሲያያቸው በማህፀን በር የኋላ ከንፈር ላይ ሲነካ የሚደማ ዕጢ አገኘ። ከዕጢው የተለያዩ ቦታዎች ናሙና ወሰደ፤ መድማቱ ስላላቆመም ፋሻ ጠቅጥቆ አስቆመው። በዚያው ምርመራ በጣቱ ሲዳስስ የግራው ጎን ከቀኙ ይልቅ ጠጠር ብሎ ተሰማው። ጥርጣሬው የተነሳው ከዚህ ነው።

ፓራሜትሪየም የሚባለው በማህፀን በር ግራና ቀኝ ያለው፣ ስብና የደም ሥሮች የሞሉበት፣ ከኩላሊት ሽንት የሚያወርደው ቱቦም የሚያልፍበት ለስላሳ ክፍል ነው። ዕጢው በማህፀን በር ውስጥ ተወስኖ ከ2 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ባለው መጠን ከሆነ ዓለም አቀፉ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ፌዴሬሽን፣ ፊጎ፣ ደረጃ 1ቢ2 ይለዋል፤ በቀዶ ሕክምና ሊወገድም ይችላል። ወደ ፓራሜትሪየም ከተሻገረ ግን ደረጃው 2ቢ ይሆናል፤ ሕክምናውም ኬሞቴራፒና ጨረር ጎን ለጎን መስጠት ነው። መልሱ ወደየትኛውም ወገን ቢሳሳት ዋጋ ያስከፍላል። ያልተሻገረውን ተሻግሯል ብንል ሴትዮዋ ቀዶ ሕክምና ይበቃቸው የነበረውን በሽታ በጨረር ይታከማሉ፤ የእንቁላል ማምረቻዎቻቸው ሥራ ያቆማል፣ ፊኛቸውና አንጀታቸውም ሊጎዳ ይችላል። የተሻገረውን አልተሻገረም ብንል ደግሞ ትልቅ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው በኋላ ጨረሩም ይከተላል፤ የሁለቱ ጉዳት በአንድ ሰውነት ላይ ይደራረባል።

ለረጅም ዘመን ይህ ውሳኔ በእጅ ዳሰሳ ላይ የተመሠረተ ነበር። ፊጎ የኤምአርአይና የሲቲ ግኝት ደረጃውን እንዲወስን በይፋ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ማሻሻያ ነው። የዳሰሳ ልምድ ያለው ጣት ብዙ ያውቃል፤ እኔም አልንቀውም። ሆኖም ጣት ጥንካሬ ይሰማዋል እንጂ ጥንካሬው ከካንሰር ይሁን ከቁስለት ለይቶ አይናገርም።

ወደ ምርመራው ከመግባቴ በፊት መሣሪያው የሚለካውን ነገር በአጭሩ ላስረዳ። በሰውነታችን ውስጥ ያለ የውሃ ሞለኪውል ለአፍታም አያርፍም። በነፃ ውሃ ውስጥ፣ በሰውነት ሙቀት፣ የመንሰራፋት መጠኑ በሰከንድ ወደ 3 ሺኛ ካሬ ሚሊ ሜትር ይጠጋል። በኤምአርአይ የሚለካው ይህ የውሃ የመንሰራፋት መጠን ኤዲሲ ይባላል፤ ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው የኤዲሲ ቁጥሮች ሁሉ በዚሁ መለኪያ፣ ማለትም በሰከንድ በሺኛ ካሬ ሚሊ ሜትር፣ የተሰጡ ናቸው። በጤናማ ኅብረ ሕዋስ ውስጥ በሕዋሳቱ መካከል ክፍተት ስላለ ውሃው ደህና መንገድ ያገኛል። ካንሰር ባለበት ግን ሕዋሳቱ ተዛዝለው ተደራርበዋል፣ አስኳላቸው ገዝፏል፣ ክፍተቱም ጠቧል፤ ውሃው ሰው በተጨናነቀበት ኮሪደር ለመራመድ እንደሚሞክር መንገደኛ እዚያው ይወዛወዛል እንጂ ሩቅ አይሄድም።

ይህን እንቅስቃሴ በማግኔት መለካት የሚቻልበትን መንገድ ስቴስካልና ታነር እ.ኤ.አ. በ1965 አሳዩ፤ ፈረንሳዊው ዴኒ ለ ቢሃን ደግሞ በ1980ዎቹ አጋማሽ በሕይወት ባለ ሰው ላይ ወደሚነሳ ምስል አመጡት። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ መሣሪያው ሁለት እኩል ጉልበት ያላቸው የግራዲየንት፣ ማለትም ከቦታ ቦታ የሚለያይ የማግኔት መስክ፣ ምቶች በተከታታይ ይሰጣል፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ውጤት ይሽራል። ከቦታው ያልራቀ ውሃ ምልክቱ ይመለስለታል፤ የራቀው ውሃ ምልክቱን ያጣል። የምቱን ብርታት የሚገልጸው የቢ መጠን ነው። ቢ ዜሮ ሲሆን ምንም ማጣራት የለም፤ ቢ 1000 ሲሆን ማጣራቱ ብርቱ ነው።

ስሌቱን በአንድ ነጥብ ላይ ላሳይ። በቢ ዜሮ 600 የነበረ ምልክት በቢ 1000 ወደ 244 ከወረደ ኤዲሲው 0.9 ነው። ያው 600 ወደ 110 ከወረደ ኤዲሲው 1.7 ይሆናል። ኮምፒውተሩ ይህን ለእያንዳንዱ ፒክስል አስልቶ አንድ ካርታ ይሠራል፤ ውሃው የታፈነበት ቦታ በካርታው ላይ ጠቆር፣ ውሃው የሚፈስበት ነጣ ብሎ ይታያል። በቢ 1000 ምስል ላይ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ የታፈነው ያበራል። ካንሰር ማለት እንግዲህ በአንደኛው የሚያበራ፣ በሌላኛው የሚጠቁር ነው። ሁለቱን ሳያስተያይ በአንዱ ብቻ የሚፈርድ አንባቢ እንዴት እንደሚሳሳት የታካሚዋ ምስል ራሱ ያሳያል።

ምርመራው የተደረገው ናሙናው ከተወሰደ ከጥቂት ቀናት በኋላ ነው። ታካሚዋ ለሰዓታት ሳይበሉ መጡ፤ አንጀት እንዲረጋም መርፌ ተሰጣቸው። ያም ሆኖ የመጀመሪያው የዲፊዩዥን ምስል ተበላሸ። በፊንጢጣ አንጀት ውስጥ የተጠራቀመ ጋዝ በአካባቢው ያለውን ማግኔታዊ መስክ አዛባው። የማህፀን በሩ የኋላ ከንፈር፣ ማለትም ዕጢው ያለበት ቦታ፣ ወደ ፊት ተገፍቶና ተጣሞ ታየ፤ ዳርቻው ላይም ምንም ሕዋስ የማይወክል ደማቅ መስመር ተፈጠረ። ቴክኒሺያኗ ይህን ባታስተውል ኖሮ ያ መስመር ለካንሰር ሊቆጠር ይችል ነበር። ታካሚዋን አስነስታ መጸዳጃ ቤት ደርሰው እንዲመለሱ አደረገች፤ ምስሉ የሚነበብበትን አቅጣጫ ቀይራም ደግማ አነሳች። ሁለተኛው ምስል ቀጥ ያለና ንጹህ ነበር። የራዲዮሎጂስት ዘገባ እንዲህ ባለው የቴክኒሺያን ትጋት ላይ እንደሚቆም በቂ ጊዜ አይነገርም።

ንባቡን እንደ ልማዴ የአካሉን ቅርጽ ከሚያሳየው፣ ቲ2 ከሚባለው የኤምአርአይ ምስል ጀመርሁ። ምስሉ የተቆረጠው ለማህፀን በሩ ቦይ ቀጤ ነክ ሆኖ ነው፤ ይህ ካልሆነ ጎኖቹን ማመዛዘን አይቻልም። በቲ2 ጤናማ የማህፀን በር በውስጡ ነጭ ሽፋን፣ ዙሪያውን ደግሞ ጥቁር የቃጫ ቀለበት አለው። ቀለበቱ ዙሪያውን ሳይቆረጥ ከታየ ካንሰሩ ወደ ጎን አልወጣም ብሎ መናገር በአብዛኛው አስተማማኝ ነው። በእሳቸው ምስል ላይ ግራጫው ዕጢ የኋላ ከንፈሩን ይዞ ተቀምጧል፤ በሰፊው ጎኑ 3.7 ሴንቲ ሜትር ለካሁት። በቀኝ በኩል ቀለበቱ ጥቁርና ሙሉ ነው። በግራ በኩል ግን ቀለበቱ ጠፍቷል፤ በቦታው የደበዘዘ ግራጫ አለ፣ ግራጫውም በስስ ክሮች ወደ ስቡ ይዘልቃል። በቲ2 ብቻ ብንፈርድ መልሱ «አዎ፣ ተሻግሯል» ነበር። ከእኔ በፊት የዲፊዩዥን ምስሎቹን ሳያይ ምስሉን የተመለከተ ባልደረባም ያንኑ ብሎ ነበር፤ ከፊቱ በነበረው ምስል ሲመዘን ትክክለኛ ንባብ ነው።

ወደ ቢ 1000 ሲኬድ ስዕሉ ተለወጠ። ከጥቁር ዳራ ላይ ሁለት ብሩህ ነገሮች ጎልተው ወጡ። አንደኛው ዕጢው ነው፤ ዳርቻው ጥርት ያለ፣ ግራው ጫፍ ክብ ሆኖ የሚያልቅ። ሁለተኛው በፊት ከንፈር ላይ ያለች የአተር ፍሬ የምታክል ነጥብ ነች። ይህች ነጥብ ሁለተኛ ካንሰር ትሆን? በካርታው ላይ ስፈልጋት ነጭ ሆና አገኘኋት፤ ኤዲሲዋ 2.2። ወፍራም ንፋጭ የያዘች፣ በብዙ ሴቶች ማህፀን በር ላይ የምትገኝ ናቦቲያን ሲስት ነች። በቢ 1000 ያበራችው ውሃዋ ታፍኖ ሳይሆን በመነሻዋ እጅግ ብሩህ ስለነበረች ነው፤ ማጣሪያው ብዙ ቢቀንስላትም የተረፋት በቂ ነው። ዕጢው ግን በካርታው ላይ ጥቁር ነበር።

ተቃራኒውም ወጥመድ በዚያው ምስል ላይ አለ። በቀኝ በኩል ያለው ጤናማ የቃጫ ቀለበት በካርታው ላይ ጠቆር ያለ ነው፤ 1.1 ይለካል። ቁጥሩን ብቻ ይዞ የሄደ ሰው ካንሰር ነው ሊል ይችላል። በቢ 1000 ሲታይ ግን ቀለበቱ አያበራም፤ እዚያም ጥቁር ነው። ቃጫ ከመነሻው ውሃው ጥቂት ስለሆነ በሁለቱም ላይ ይጠቁራል። ካርታው ያለ ምስሉ፣ ምስሉም ያለ ካርታው አይነበብም የምለው ለዚህ ነው፤ በዚህ ላይ ድርድር አላውቅም።

አሁን ወደ ግራው ጎን። በቲ2 ቀለበቱ የጠፋበት ቦታ በቢ 1000 ላይ ከስቡ እምብዛም አይለይም ነበር፤ በካርታው ላይ ደግሞ ነጣ ብሏል። ሦስት ተከታታይ ቁርጦች ላይ የመለኪያ ክበብ አስቀመጥሁ፤ ክበቡን ከዕጢው ጠርዝ አራቅሁት፣ ምክንያቱም ጠርዝ ላይ ያለ ፒክስል ግማሹ ካንሰር ግማሹ ጤናማ ሆኖ አማካዩን ያዛባል። የዕጢው መሃል 0.88፣ 0.91፣ 0.86 አነበበ። የፊት ከንፈሩ ጤናማ ክፍል 1.7 ገደማ ነው። አጠራጣሪው የግራ ጎን በሦስቱም ቁርጦች ከ1.8 በታች አልወረደም። ውሃው እዚያ አልታፈነም፤ እንዲያውም ከጤናማው በላይ ተለቋል። ይህ የእብጠት ጠባይ ነው።

አንድ ነገር ግን ቀርቶ ነበር። ናሙና በተወሰደበት ቦታ ደም ሊቋጠር ይችላል፤ ያረፈ ደም ደግሞ ኤዲሲን ዝቅ ወይም ከፍ አድርጎ ሊያሳስት ይችላል። ስለዚህ የስብ ብርሃን እንዲጠፋ ተደርጎ የተነሳውን፣ ቲ1 የሚባለውን ሌላ የኤምአርአይ ምስል ከፈትሁ። ደም እዚያ ብሩህ ሆኖ ይታያል። በኋላ ከንፈሩ ገጽ ላይ፣ ናሙናው በተቆረጠበት ሥፍራ፣ ስስ ብሩህ መስመር ነበር፤ በግራው ጎን ግን ምንም አልነበረም።

እነዚህ ቁጥሮች ከሌሎች ጋር ሲነጻጸሩስ? ጃፓናውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት የማህፀን በር ካንሰር አማካይ ኤዲሲ 1.09፣ የጤናማው ማህፀን በር 1.79 ሆኖ ተገኝቷል። ከዚያ ወዲህ የወጡት በርካታ ጥናቶችም አቅጣጫውን ደግፈዋል፤ ካንሰሩ ሁልጊዜ ዝቅ ይላል። ስኳመስ ዓይነቱ ንፋጭ ከሚያመነጩ ሕዋሳት ከሚነሳው ከአዴኖካርሲኖማ ዝቅ የማለት ዝንባሌ እንዳለውም ይታወቃል፤ እነዚህ ሕዋሳት ንፋጭና ክፍተት ስለሚፈጥሩ ውሃው ትንሽ ይላወሳል። ነገር ግን ከእነዚህ ጥናቶች አንድ የመለያ ቁጥር ነጥቆ፣ ለምሳሌ «ከ1.2 በታች ካንሰር ነው» ብሎ፣ በሌላ መሣሪያ ላይ ማዋል አይገባም። የመሣሪያው ኃይል፣ የተመረጡት የቢ መጠኖች፣ ክበቡ የተቀመጠበት ቦታ ሁሉ ቁጥሩን ይቀይሩታል። የእኔ እምነት ይህ ነው፦ የተሻለው መለኪያ ታካሚዋ ራሷ ነች። የዕጢዋን 0.88 የሚያስረዳው በሌላ አገር የተለካ አማካይ ሳይሆን በዚያው ሰዓት፣ በዚያው መሣሪያ፣ በዚያችው ሴት የፊት ከንፈር ላይ የተለካው 1.7 ነው። አጠራጣሪው ቦታ ከሁለቱ ለየትኛው እንደሚቀርብ መጠየቅ ይቀላል፤ መልሱም የጸና ይሆናል።

ዘገባው እንዲህ አለ፦ ዕጢው በማህፀን በር ውስጥ የተወሰነ፣ በካርታው ላይ ሲለካ 3.3 ሴንቲ ሜትር፤ በግራ በኩል የሚታየው ለውጥ ከናሙና በኋላ ከሚመጣ እብጠት ጋር የሚስማማ፤ የፓራሜትሪየም መወረር ምልክት የለም፤ ደረጃ 1ቢ2። በቲ2 ከለካሁት 3.7 እና በካርታው ከለካሁት 3.3 መካከል ያለው ልዩነትም ያው እብጠቱ ነው።

በጋራ ስብሰባው ላይ የማህፀን ሐኪሙ በቀላሉ አልተቀበለም፤ ማድረግ ያለበትም ይህንኑ ነበር። «ዶክተር፣ እጄ የዳሰሰው ጥንካሬስ?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥንካሬውን አልካድሁም። ናሙናው ከተወሰደና ፋሻ ከተጠቀጠቀ በኋላ የዳሰሰው ጥንካሬ ከቁስለትም ሊመጣ እንደሚችል፣ ዲፊዩዥኑ ያንን እንደሚደግፍ ተናገርሁ። ሦስቱን ምስሎች ጎን ለጎን አድርጌ፣ በእያንዳንዱ ላይ ያንኑ ነጥብ በቀስት አሳየሁት። ታካሚዋን በማደንዘዣ ውስጥ ሆነው እንደገና ለመዳሰስ ወሰነ፤ ዳሰሰም። ጥንካሬው ለስልሶ ነበር።

ሌላ ክርክር ያስነሳው በቀኝ በኩል ያለ አንድ ንፍፊት ነው። በቢ 1000 ላይ ደምቆ ይታያል፤ አጭር ጎኑ 7 ሚሊ ሜትር። ከተሰብሳቢዎቹ አንዱ ብርሃኑን አይቶ ካንሰር ደርሶታል አለ። ዲፊዩዥን ለንፍፊት ጥሩ ፈላጊ ነው፤ ጥሩ ዳኛ ግን አይደለም። ጤነኛ ንፍፊትም በሕዋሳት የታጨቀ ስለሆነ ያበራል፣ በካርታውም ይጠቁራል። መጠኑ ትንሽ፣ ቅርጹ ሞላላ፣ ጠርዙ ለስላሳ መሆኑን ጠቅሼ እንደ አጠራጣሪ ብቻ እንዲመዘገብ፣ በቀዶ ሕክምናው ጊዜም ለይተው እንዲልኩት ጠየቅሁ።

ቀዶ ሕክምናው የተደረገው ሆድ ተከፍቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ላክ የተባለው ዓለም አቀፍ ሙከራ፣ ያለ በሽታ 4.5 ዓመት የቆዩት በክፍት ቀዶ ሕክምና ከታከሙት 96.5 በመቶ፣ በትናንሽ ቀዳዳዎች በኩል በሚደረግ ቀዶ ሕክምና ከታከሙት ደግሞ 86 በመቶ መሆናቸውን ካሳየ ወዲህ ለዚህ ቀዶ ሕክምና ክፍቱ መንገድ ተመራጭ ሆኗል። ማህፀኑ ከግራና ቀኝ ፓራሜትሪየም ጋር፣ የዳሌ ንፍፊቶችም ተጨምረው ወጡ።

ፓቶሎጂስቷ የግራውን ፓራሜትሪየም በተለይ ቀጫጭን አድርጋ እንድትቆርጠው ተጠይቃ ነበር። ያገኘችው ውሃ የተሞላ ልል ኅብረ ሕዋስ፣ የቁስለት ሕዋሳትና አዲስ የበቀሉ ደቃቅ የደም ሥሮች ነው፤ የካንሰር ሕዋስ የለም። ዕጢው 3.2 ሴንቲ ሜትር ተለካ፤ ናሙና በፎርማሊን ውስጥ ትንሽ እንደሚኮማተር ሲታሰብ ከካርታው ልኬት ጋር ገጠመ። ወደ ማህፀን በሩ ግድግዳ የገባው እስከ መካከለኛው ሲሶ ብቻ ነው፤ የደምና የሊምፍ ሥሮችን አልወረረም፤ ዳርቻዎቹ ሁሉ ንጹህ ናቸው። ያ 7 ሚሊ ሜትር ንፍፊትም ጤነኛ ሆኖ ተገኘ። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ጨረር የሚያስጨምሩት ምልክቶች ስላልተሟሉ ታካሚዋ ለክትትል ብቻ ተቀጠሩ።

ይህ ጉዳይ ዲፊዩዥን የማይችለውንም እንዳልሸፍን አንድ ነገር ልጨምር። በማይክሮስኮፕ ብቻ የሚታይ፣ ጥቂት ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለው ጅማሬ ካንሰር በኤምአርአይ አይታይም፤ ኤዲሲውም አይለካም። የማህፀን በር ቅድመ ምርመራን፣ ካንሰሩን የሚያመጣውን ቫይረስ የሚፈልገውን የኤችፒቪ ምርመራንና ባዮፕሲን የሚተካ ነገር የለም። ከጨረር ሕክምና በኋላ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፤ እየሞተ ያለ ዕጢ ሕዋሳቱ ሲፈርሱ ኤዲሲው መጠኑ ከመቀነሱ በፊት ከፍ ማለት ስለሚጀምር መሣሪያው ሕክምናው መሥራት አለመሥራቱን ቀድሞ ሊጠቁም ይችላል። ያ የሌላ ታካሚ ታሪክ ነው።

በእኛ ክፍል ከዚህ ጉዳይ በኋላ የተለወጠ ነገር አለ። የኤምአርአይ መጠየቂያ ቅጹ ላይ ናሙናው የተወሰደበትን ቀንና ከየትኛው ጎን እንደተወሰደ የሚጻፍበት መስመር ተጨምሯል። ሲቻል ምርመራው ከናሙናው በፊት፣ ካልሆነም ቁስሉ ጠግጎ ከቆየ በኋላ ይቀጠራል። የማህፀን በር ታካሚ ሁሉ ዲፊዩዥን ይነሳላታል፤ ዘገባውም የዕጢውን ኤዲሲ ብቻውን አይጠቅስም፤ የዚያችው ሴት ጤናማ ክፍል ቁጥር አብሮት ይጻፋል።